አባባ በዓይናቸው ይሰማሉ እንዴ? ፊትና ድምፅ አንጎል ውስጥ የሚገናኙበት መንገድ

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ «አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ለረጅም ጊዜ ብየዳና ብረት ቆረጣ ሠርተዋል። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብለን ስናወራ ደህና ይሰማሉ፤ ከጓዳ ስንጠራቸው ወይም ስልክ ላይ ግን ያልተባለ ነገር ይመልሳሉ። መነጽራቸውን ካላደረጉ ‹ምን እንደምትሉ አይሰማኝም› ይላሉ። ዜና ይከታተላሉ፣ ወደ አማርኛ የተመለሱትን ድራማዎች ግን ‹አይገባኝም› ብለው ይነሳሉ። የብሉቱዝ ስፒከር ከገዛንላቸው ወዲህ ደግሞ ዜናውም አስቸገራቸው። እናቴና ወንድሞቼ ‹ሲፈልጉ ነው የሚሰሙት› ይላሉ። ሰው በዓይኑ ይሰማል እንዴ? ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

አዎ፣ ሰው ንግግርን በዓይኑም ይሰማል። ለማጋነን የተባለ አይደለም። ጆሮው ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው እንኳ የሚያናግረውን ሰው አፍ ሲያይ የሚሰማው ድምፅ ራሱ ይለወጣል፤ ቤታችሁ ሆናችሁ የምትሞክሩትን ከታች እነግርሻለሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለእናትሽና ለወንድሞችሽ ይህን ንገሪያቸው፦ አባታችሁ እየመረጡ የሚሰሙ ሰው አይደሉም። ጓዳው፣ ስልኩ፣ መነጽሩ፣ ድራማውና ስፒከሩ የተለያየ ችግር ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ በሁሉም ላይ ፊት ከድምፅ ተለያይቷል። «ሲፈልጉ ነው የሚሰሙት» የሚለው ንግግር ስንቱን አዛውንት አስቀይሞ ከቤተሰቡ ጨዋታ አርቆታል። እባካችሁ ከዛሬ ጀምሮ ተዉት።

ከጆሮ እንነሳ። ለዓመታት የግራይንደርና የመዶሻ ጩኸት ያገኘው ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። በመስማት ምርመራ ወረቀት ላይ መስመሩ ብዙ ጊዜ 4000 ኸርዝ አካባቢ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ጎድጎድ ብሎ ይታያል፤ ዕድሜ ሲታከልበት ከ2000 ኸርዝ በላይ ያለው በሙሉ ቀስ በቀስ ይወርዳል። የአናባቢዎች ዋና ጉልበት ያለው ከዚያ በታች ስለሆነ አባትሽ ሰው መናገሩን፣ የማን ድምፅ እንደሆነም ያውቃሉ። የሚያመልጧቸው አንዱን ቃል ከሌላው የሚለዩት ተነባቢዎች ናቸው፣ በተለይ ሰ፣ ፈ፣ ሸ፣ ተ እና ከ። «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይገባኝም» የሚለው አቤቱታ የዚህ ዓይነት ጉዳት መለያው ነው።

ጫጫታም ቢሆን ሁሉን ነገር እኩል አያጠፋም። ጆርጅ ሚለርና ፓትሪሺያ ናይስሊ በ1955 ባሳተሙት ሥራ የእንግሊዝኛ ተነባቢዎችን በጫጫታ ውስጥ እያሰሙ ሰዎች የትኛውን ከየትኛው እንደሚያምታቱ መዝግበዋል። ድምፁ ጉሮሮን እያንዘረዘረ መውጣቱና በአፍንጫ ማለፉ ብዙ ጫጫታ ይቋቋማል። በከንፈር፣ በጥርስ ሥር ወይስ በላንቃ ተሠራ የሚለው መረጃ ግን ቶሎ ይጠፋል። ልብ በይ፤ ከንፈር መግጠሙንና አለመግጠሙን ለማወቅ ጆሮ የሚቸገረውን ያህል ለዓይን ቀላል ነው። የጉዳዩ ሁሉ እምብርት እዚህ ላይ ነው፦ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው መረጃ ፊት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

መስታወት ፊት ቁሚና ድምፅ ሳታወጪ እነዚህን ቃላት በይ፦ በራ፣ መራ፣ ፈራ፣ ሠራ፣ ዘራ፣ ደራ፣ ጠራ፣ ኮራ። በራና መራ በመስታወት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ከንፈር ገጥሞ ይከፈታል። ፈራ ላይ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ስለሚነካ ከማንም ጋር አይምታታም። ኮራ ላይ ከንፈር ይሞጠሞጣል። ሠራ፣ ዘራ፣ ደራና ጠራ ግን ለዓይን እጅግ የተቀራረቡ ናቸው፤ ምላስ ከጥርስ ጀርባ የሚያደርገውን፣ ጠ ላይ ጉሮሮ መዘጋቱን ማንም አያይም። አሁን ደግሞ እነዚያኑ ቃላት ቬንትሌተሩ እየጮኸ በድምፅ በያቸው። በራና መራ ለጆሮ ይራራቃሉ፣ መ በአፍንጫ ይወጣልና። በራና ደራ ግን ጫጫታ ውስጥ በቀላሉ ይቀያየራሉ፤ ቀማና ቀናም እንደዚያው። እነዚህን በአንድ እይታ የሚለያቸው ዓይን ነው። ሠራና ፈራ ስልክ ላይ የሚምታቱበት ምክንያት ደግሞ የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ስለሚያሳልፍ ነው፤ የ«ሰ» ፉጨት ዋናው ክፍል ከዚያ በላይ ነው። አባትሽ ስልክ ላይ በሁለት በኩል ይጎዳሉ፤ ፊትም የለም፣ ቀጭኑ ድምፅም የለም።

ከዚሁ ሙከራ የከንፈር ንባብ ብቻውን እንደማይበቃም ትረጃለሽ። በ፣ ፐ፣ ጰ እና መ ለዓይን አንድ ናቸው፤ ከ፣ ገ እና ቀ ከናካቴው አይታዩም ማለት ይቻላል። ዓይን የጆሮን ጎዶሎ ይሞላል እንጂ ጆሮን አይተካም።

አንጎል ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ድምፁ ከጆሮ ተነስቶ በራስ ቅል ጎን፣ ከጆሮ በላይ ወዳለው ቴምፖራል ሎብ ይሄዳል፤ ምስሉ ወደ አንጎል የኋላ ክፍል ይደርሳል። ሁለቱ በጉልህ የሚገናኙት ቴምፖራል ሎብ ላይ ባለው ሱፒሪየር ቴምፖራል ሰልከስ በተባለ ረጅም ስርጉድ ውስጥ ነው፣ በተለይ በግራው የኋለኛ ክፍል። በ2010 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ይህን ቦታ ከራስ ቅል ውጭ በማግኔት ምት ለቅጽበት ሲያውኩት የፊትና የድምፅ ውህደቱ ቀንሷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1997 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች ድምፅ የሌለው የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ እያዩ የድምፅ ማስተናገጃው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃ አሳይቷል። ፊት ሲታይ አንጎል ለድምፁ የሚሰጠው ኤሌክትሪካዊ ምላሽ ይፈጥናል፤ ከንፈሩ ገላጭ በሆነ ቁጥር፣ ለምሳሌ «ፐ» ላይ፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። ምክንያቱም ከንፈር ብዙ ጊዜ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ አንጎልም የሚመጣው ድምፅ ምን ሊሆን እንደሚችል ከወዲሁ ያጠብባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰውየው ሳያውቀው ነው። አባትሽ «ከንፈር አነባለሁ» ብለው ላያስቡ ይችላሉ፤ መነጽሩ ሲወልቅ «አይሰማኝም» ማለታቸውም ለእሳቸው ቃል በቃል እውነት ነው።

ወንድሞችሽ ካላመኑ ይህን አሳዪያቸው። በ1976 ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ «ጋ» የሚል ፊት ላይ «ባ» የሚል ድምፅ ሲገጥሙበት ብዙ ሰዎች ሁለቱንም ሳይሆን «ዳ» እንደሚሰሙ አሳይተዋል። በስልክሽ መሥራት ትችያለሽ። አንድ ሰው ከአገጭ እስከ ግንባሩ ሞልቶ እንዲታይ አድርገሽ፣ ብርሃኑ ከፊቱ እየመጣ፣ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ «ጋ» እያለ ስድስት ጊዜ ቅረጪው። ከዚያ ያው ሰው በዚያው ፍጥነት «ባ» ሲል ድምፁን ብቻ ቅጂ። በማንኛውም የቪዲዮ ማቀናበሪያ የመጀመሪያውን ድምፅ አጥፍተሽ ሁለተኛውን አስገቢበትና የ«ባ»ን መፈንዳት «ጋ» ከሚፈነዳበት ምስል ጋር አገጣጥሚ። በሰከንድ 30 ምስል በሚቀርጽ ስልክ አንዱ ምስል 33 ሚሊሰከንድ (ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው) ያህል ነው፤ ስህተትሽ ከአንድ ሁለት ምስል አይብለጥ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ተናጋሪው በየመሃሉ አፉን ይገጥማል። እንደዚያ ከሆነ «ጋ» ሲል ከንፈሩ ተላቅቆ ስለሚታይ ዓይን «ባ» ያነባል፣ ሙከራውም ይበላሻል። በየመሃሉ ከንፈሩን ትንሽ ከፈት አድርጎ ይቆይ። ሲታይ «ዳ» ወይም ለእሱ የቀረበ ነገር ይሰማል፤ ዓይን ሲጨፈን ወዲያው «ባ» ይሆናል፤ ሲገለጥ እንደገና «ዳ»። ምስጢሩን ማወቅ አያድንም። ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሠራም፤ ጤነኛ ሆነው ጭራሽ የማይደርስባቸው አሉ፣ ልጆችም ላይ ከአዋቂ ይልቅ ደከም ይላል። ስለዚህ አንዱ ወንድምሽ «ባ ነው» ቢል አትከራከሪው፣ ለሌላው አሳዪ።

ለአባትሽ የሚሆነው ሙከራ ሌላ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቃችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ቬንትሌተሩ በተለመደው ፍጥነት ይዙር። ከላይ ያሉትን ቃላት አቀያይረሽ «አሁን … በሉ» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቢ፤ ግማሹን ዓይናቸውን ገልጠው፣ ግማሹን ጨፍነው ይድገሙ። አፍሽን በወረቀት አትሸፍኚ፤ ወረቀት ድምፁንም ያፍነዋልና ንጽጽሩ ይበላሻል። ዓይን ሲጨፈን በራ ወደ ደራ፣ ፈራ ወደ ሠራ ከተቀየረ ፊት ምን ያህል እየደገፋቸው እንደነበር ቤተሰቡ በገዛ ጆሮው ይሰማል። ይህ ለቤተሰቡ ማስረጃ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ወደ ቴሌቪዥኑ እንምጣ። አንጎል ፊትና ድምፅን የሚያዋህደው ከአንድ ምንጭ የመጡ ከመሰለው ነው፤ ለዚህም ጊዜያቸውን ያያል። የቃላት ውህደቱ በደንብ የሚሠራው ድምፁ ከምስሉ በ30 ሚሊሰከንድ ገደማ ከመቅደም እስከ 170 ገደማ በመዘግየት ባለው ክልል ውስጥ ነው። ክልሉ ወደ መዘግየት ያደላው ያለምክንያት አይደለም፦ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 34 ሜትር ርቆ የሚጠራሽ ሰው ድምፅ ከምስሉ 100 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርስሻል፤ ከምስሉ የሚቀድም ድምፅ ግን በተፈጥሮ የለም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም ለስርጭት ባወጣው መመሪያ ሰው የሚያስተውለው ድምፅ 45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ወይም 125 ሲዘገይ መሆኑን፣ 90 ሲቀድም ወይም 185 ሲዘገይ ደግሞ የማይታገሡት እንደሚሆን አስቀምጧል።

ብሉቱዝ ድምፁን ጠቅልሎ ልኮ እስኪፈታ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። እንግዲህ ለአባትሽ የገዛችሁት ስፒከር ድምፁን አጉልቶ ፊቱን ነጥቋቸዋል። ለጤነኛ ጆሮ ትንሽ የሚያናድድ ነገር ነው፤ ለእሳቸው ግን ግማሹን መረጃ የሚያጠፋ ነው። መፍትሔው ስፒከሩን በሽቦ ማገናኘት ነው፣ ኦክስ ገመድ ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ላይ «ኦዲዮ ዲሌይ» ወይም «ሊፕ ሲንክ» የሚል ማስተካከያ አግኝታችሁ ቁጥሩን ከፍ ብታደርጉት ይብሳል፤ አብዛኛው ቴሌቪዥን በዚያ የሚያደርገው ድምፁን ይበልጥ ማዘግየት ነው፣ የእናንተ ድምፅ ደግሞ ቀድሞውኑ ዘግይቷል። ቁጥሩን ዜሮ አድርጉ፣ «ሰራውንድ» የሚለውንም አጥፉ። በሽቦ ከተገናኘ በኋላ ድምፁ መቅደም ከጀመረ ያን ጊዜ ማስተካከያውን ትንሽ በትንሽ ጨምሩ። ለመፈተሽ ዜና አንባቢው በመ ወይም በበ የሚጀምር ቃል ሲል ከንፈሩ ሲላቀቅ ተመልከቱ፣ ወይም ሰው ሲያጨበጭብ። ከጣቢያው ራሱ የሚመጣ መዛባት ከሆነ አንድ ቻናል ላይ ብቻ ይታያል፤ ያን እናንተ ማስተካከል አትችሉም።

የተመለሰው ድራማ ላይ ምንም ማስተካከያ አይሠራም። አፉ ቱርክኛ ይላል፣ ድምፁ አማርኛ ነው፤ ፊቱ ድጋፍ መሆኑ ቀርቶ አንዳንዴ ያሳስታል። ቤተሰቡ ድራማ ሲያይ አባትሽ ቢነሱ አትውቀሷቸው። በአማርኛ የተሠራ ድራማ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ዜና፣ በአጠቃላይ ፊቱ በጉልህ የሚታይበት ፕሮግራም ለእሳቸው ይቀላል። ለስልክም ቪዲዮ ጥሪ ከተራ ጥሪ ይሻላል፣ ኔትወርኩ ከፈቀደ። ምስሉ እየቆመ ወይም ወደኋላ እየቀረ ከሆነ ግን ካሜራውን አጥፉት፤ የተዛባ ፊት ከሌለ ፊት ይብሳል።

ቤት ውስጥ ትልቁ ነገር ብርሃን ነው። የድሬ ቀን ብርሃን ብርቱ ነው፤ ከክፍት በር ወይም ከመስኮት ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ጥቁር ጥላ ይሆናል። አባትሽ ጀርባቸውን ለበሩ ይስጡ፣ ተናጋሪው ወደ ብርሃኑ ይዙር። ማታ መብራቱ ከተናጋሪው ፊት ወይም ከበላዩ ይሁን። ርቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ይሁን፤ ክፍት ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይወርዳል፣ ስለዚህ ከጓዳ ጮኾ ከመጥራት ሦስት እርምጃ መጠጋት ይሻላል። ቬንትሌተሩን በዚያ ሙቀት አጥፉ አልልም፤ ፍጥነቱን ቀንሱና ከጆሯቸው አርቁት። በጣም አትጩኹ። ጩኸት አናባቢውን ያጎላል እንጂ የጠፋውን ቀጭን ተነባቢ ያን ያህል አይመልስም፣ ከንፈርንም ያዛባል። በመጠነኛ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፣ ቃሉን ሳይውጡ መናገር ነው የሚሠራው። መጀመሪያ «አባባ» ብላችሁ ቀና እስኪሉ ጠብቁ፣ ከዚያ ወሬውን ጀምሩ።

አባትሽ በርጫ የሚቀመጡ ከሆነ የሚያስቸግራቸው እዚያ ነው። ሰው ግድግዳውን ተከትሎ ስለሚደረደር ፊት ሳይሆን ጎን ይታያል፤ ክፍሉ ደብዘዝ ይላል፤ ጉንጩ በጫት የተወጠረ ሰው ደግሞ ከንፈሩ እንደልቡ አይንቀሳቀስም፣ ቃሉም ይታፈናል። ጥግ ላይ፣ ሁለቱን ግድግዳዎች በሚያይ ቦታ ቢቀመጡ የብዙውን ሰው ፊት ያገኛሉ። ድሬ ላይ በአንድ ቁጭታ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ መቀላቀሉም ሸክም ይጨምራል። አንጎል የሚቀጥለውን ቃል ከወዲሁ የሚጠብቀው ቋንቋውን ተከትሎ ነው፤ እንደ ሶማልኛ ሐ እና ዐ ያሉ ከጉሮሮ የሚወጡ ድምፆች ደግሞ ከንፈር ላይ ምንም ምልክት የላቸውም። ርእሱ ሲቀየር «ስለ ሰርጉ ነው የምናወራው» ብሎ አንድ ቃል ማቀበል ብዙ ይረዳል።

ተራ የሕክምና ማስክ ቀጭኑን ድምፅ በ3 እና 4 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፣ ከንፈሩንም ይሸፍናል። ኒቃብ የለበሰች ዘመድ ወይም ጎረቤት ስታናግራቸው ጨርቁ ስስ ከሆነ ድምፁን ብዙም አይወስድም፤ የሚጎድለው ፊት ነው። ማንንም ልብስ አውልቂ ማለት አያስፈልግም፤ ቀረብ ብሎ ዝግ ብሎ መናገር፣ ስምና ቁጥርን በወረቀት ወይም በስልክ ጽፎ ማሳየት ይበቃል።

አንዳንድ አዛውንት የሰው አፍ ላይ ማፍጠጥ ነውር ስለሚመስላቸው ያቀረቅራሉ። አፍ ላይ ማፍጠጥ አያስፈልግም። የተናጋሪውን ዓይን ወይም አፍንጫ የሚያይ ሰውም የከንፈሩን እንቅስቃሴ በዓይኑ ዳር ይወስዳል። ምስሉ ትንሽ ብዥ ቢልም መረጃው ያልፋል፤ ለዚህ ነው መጠነኛ የዓይን ድካም የማያግደው። መነጽር ሲወልቅ ልዩነቱ የአባትሽን ያህል የጎላ ከሆነ ግን ዓይናቸው ይታይ። የዓይን ሞራ ወይም ስኳር ያመጣው የዓይን ጉዳት ካለ የሚታከመው ማየታቸው ብቻ አይሆንም፣ መስማታቸውም ይታገዛል።

ይህ ሁሉ የጆሮ ምርመራን አይተካም። የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው፤ መጀመሪያ ኩክ መኖሩ ይታያል፣ በኩክ የተደፈነ ጆሮ ሲጸዳ ብቻ የሚሻለው ብዙ ነው። በክብሪት እንጨት፣ በፀጉር ሽቦ ወይም በጥጥ እንዳትነኩት፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከዚያ በየኸርዙ የሚለካው የመስማት ምርመራ ይሠራላቸው፣ ወረቀቱንም ጠይቃችሁ ያዙ። የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ከታዘዘ ድምፁ መጀመሪያ እንግዳ ይሆንባቸዋል፤ አንጎል ከአዲሱ ድምፅ ጋር ፊትን ለማጣጣም ሳምንታት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጸጥ ባለ ክፍል ፊት ለፊት በመጨዋወት ይጀመር። ቬንትሌተር በቀጥታ መሣሪያው ላይ እንዳይነፍስ፣ ማይክሮፎኑ ነፋሱን ጩኸት ያደርገዋል፤ ማታ ማታም ላቡን ጠርጋችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

መስማት በአንድ ጆሮ ብቻ ከቀነሰ፣ መግል ወይም ደም ከታየ፣ ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ቀጠሮ አታራዝሙ። በአንድ ቀን ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የጠፋ መስማት አስቸኳይ ነው፤ መድኃኒቱ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲደረስበት ነውና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰዱ።